የቤዙ ጉዳይ፦ ፈንኪ የኢንዲ ዘፈን ሲወዱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ነገሩ ሁሌም አንድ ዓይነት አጀማመር አለው። የሆነ ሰው ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት የአንድ ትንሽ ባንድ ዘፈን ይልክላችኋል። ትከፍቱታላችሁ። ድራሙ ሁለት ሦስቴ ይመታና ቤዝ ጊታሩ ይገባል። ዘፋኙ ገና አፉን አልከፈተም፤ የእናንተ አንገት ግን መወዝወዝ ጀምሯል። ከዚያ በኋላ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ይመጣል። እዚህ የሰበሰብኩት ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ነው፤ አንዳንዶቹን እኔም በጊዜዬ ጠይቄያቸዋለሁ።

የምሰማው ጊታር ነው ወይስ ቤዝ? እንዴት ልለየው?

ይህን መጠየቅ አያሳፍርም። ዓመታት ሙሉ ሙዚቃ ሲሰሙ ኖረው ቤዙን ለይተው የማያውቁ ብዙ ሰዎች አሉ። ይወዱታል፤ ስሙን ግን አያውቁትም።

ቀላሉ መንገድ ይኸውላችሁ። ዘፈኑን በደህና ስፒከር ክፈቱትና ወደ ሌላ ክፍል ገብታችሁ በሩን ዝጉ። የዘፋኙ ቃል ይጠፋል፣ የጊታሩ ጫፍ ይደበዝዛል። በሩን አልፎ የሚመጣው ድምፅ ቤዙ ነው። የተለመደው ቤዝ ጊታር አራት ክር አለው። ወፍራሙ ክር ሳይጫኑት ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። የዚያ ድምፅ ሞገድ አንዱ ርዝመት ከ8 ሜትር ይበልጣል። በርና ግድግዳ ቀጭኑን ድምፅ እንደሚያስቀሩት ይህንን ማስቀረት አይችሉም። ጎረቤት ድግስ ሲኖረው የምትሰሙት ነገር ሁሉ «ዱም ዱም» የሚሆነውም ለዚሁ ነው።

«ኢንዲ» ማለት የሙዚቃ ዓይነት ነው?

መጀመሪያ አልነበረም። በትልልቆቹ ኩባንያዎች ሥር ሳይሆን በራሱ ወይም በትንሽ አሳታሚ ለሚሠራ ባንድ የተሰጠ ስም ነው። ቀስ በቀስ የድምፅ ዓይነት መጠሪያም ሆነ። አሁን ሁለቱም ይባላል፤ በዚህ መጨቃጨቅ ዘፈን ከመስማት ጊዜ መስረቅ ነው።

ዘፈኑን «ፈንኪ» የሚያሰኘው ምኑ ነው?

ሰው ብዙ ጊዜ «ፍጥነቱ» ብሎ ይመልሳል። አይደለም። ዝግ ያለ ፈንክ ሞልቷል። ጉዳዩ ያለው ጊዜው በሚከፋፈልበት መንገድ ላይ ነው። አራት ምት ያለውን አንድ ባር፣ ማለትም አንድ የምት ዙር፣ ውሰዱ። እያንዳንዱን ምት በአራት ክፈሉት። አሁን 16 ትንንሽ ቦታዎች አሏችሁ። ፈንክ እነዚህን 16 ቦታዎች እንዴት እንደምትሞላቸው ነው። ከዚያም በላይ የትኞቹን ባዶ እንደምትተዋቸው።

የመጀመሪያው ቦታ ግን ባዶ አይተውም። የፈንክ ዘፋኙ ጄምስ ብራውን ሙዚቀኞቹን «አንድ» ላይ አጥብቀው እንዲመቱ ያደርጋቸው ነበር። የባሩን መጀመሪያ ልክ እንደ ሚስማር ትቸነክሩታላችሁ። እሱ ከጠበቀ ከእሱ በኋላ እንደፈለጉ መጫወት ይቻላል። ቤዙ ይዘገያል፣ ይሸሻል፣ ይደበቃል። «አንድ» ሲመጣ ግን ቤቱ ተመልሶ ይገኛል። ሰውነታችን ያንን መመለስ ይጠብቃል፤ ሲመጣ ደስ ይለዋል። አንገት የሚወዛወዘው እዚያ ላይ ነው።

ሁለተኛው ነገር የታፈኑት ኖታዎች ናቸው። አንድ ጊዜ አንድ በጣም የምወደውን የኢንዲ ዘፈን ለመማር ተቀመጥኩ። ባሩ አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ነው እየዞረ የሚደጋገመው። ቀላል መስሎኝ ነበር። ኖታዎቹን አገኘኋቸው፣ ጣቶቼን በትክክል አስቀመጥኩ፣ ተጫወትኩት። የልጆች መዝሙር መሰለ። ግራ ገባኝና የዘፈኑን ፍጥነት በግማሽ ቀንሼ ያንኑ ባር ደጋግሜ ሰማሁት። ዘጠኝ ኖታ ነው ብዬ ከቆጠርኩት ውስጥ እውነተኛ ድምፅ ያላቸው አምስቱ ብቻ ነበሩ። የቀሩት አራቱ «ጥክ» የሚሉ ናቸው። የግራ እጅ ክሩን ሳይጫነው እንዲሁ ደገፍ ይለዋል፤ የቀኝ ጣት ደግሞ ይመታዋል። ዜማ የለውም፤ ምት ብቻ ነው። ቤዙ በዚያች ቅጽበት ድራም ሆኗል ማለት ነው። እነዚያን አራት «ጥክ»ዎች ስጨምራቸው የልጆች መዝሙሩ ጠፋና ዘፈኑ መጣ። እስከዛሬ ሰው «ፈንኪ ማለት ምንድን ነው?» ሲለኝ እነሱ ናቸው ትዝ የሚሉኝ።

ሦስተኛው ነገር የኖታው መጨረሻ ነው። ጀማሪ ኖታው መቼ እንደሚጀምር ይጨነቃል። ጥሩ ቤዚስት መቼ እንደሚያበቃም ይጨነቃል። አንዱን ኖታ ትንሽ አሳጥሩት፤ የሚቀረው ዝምታ ውስጥ ስኔሩ፣ ያ ሹል ድምፅ ያለው ከበሮ፣ ገብቶ «ጧ» ይላል። አስረዝሙት፤ ያው ስኔር ይሸፈናል። እኔን ጠይቁኝ ካላችሁ እነዚህን ዘፈኖች የምንወዳቸው ለዝምታቸው ነው። ቤዙ የሚመራው ዘፈን ላይ ሌሎቹ ሙዚቀኞች እጃቸውን ሰብስበው መቀመጥ ያውቃሉ። ጊታሪስቱ እዚህም እዚያም ትንሽ ይመታና ዝም ይላል። ኪቦርዱ አንድ ኮርድ ያስቀምጥና ይጠፋል። ለጊታሪስት ይህ ቀላል አይደለም፤ ጊታሪስት የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ያው ነገር አራት ደቂቃ ሙሉ ሲደጋገም እንዴት አይሰለችም?

ያው ስላልሆነ ነው። ደህና አድርጋችሁ ስሙት። በየስምንተኛው ዙር መጨረሻ ላይ ቤዙ አንዲት ኖታ ይጨምራል ወይ ወደሚቀጥለው ዙር ተንሸራቶ ይገባል። ድራሙ ሃይሃቱን፣ እነዚያን ሁለት የተደራረቡ የብረት ሳህኖች፣ አንዴ ከፈት ያደርገዋል። ይህን ሁሉ ጆሯችሁ ይሰማዋል፤ እናንተ ግን አትቆጥሩትም።

ከሁሉም የሚበልጠው ተንኮል ቤዙን ማውጣት ነው። ዘፈኑ መሀል ላይ ለአራት ባር ያህል ቤዙ ድንገት ይጠፋል። ወለሉ ከእግራችሁ ሥር የተወሰደ ያህል ነው። ከዚያ ይመለሳል። በኮንሰርት ላይ ሰው የሚጮኸው መቼ እንደሆነ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ዘፋኙ ሲገባ አይደለም፤ ቤዙ ሲመለስ ነው። እንዲያውም ባንዱ ከመድረክ ከወረደ በኋላ ሕዝቡ ግጥሙን ትቶ የቤዙን መስመር «ዱም፣ ዱዱም» እያለ ሲያዜም ሰምቻለሁ። ለአንድ ቤዚስት ከዚህ የበለጠ ሽልማት ያለ አይመስለኝም።

በስልኬ ስሰማው ሰዎች የሚያደንቁት ቤዝ የለም። እኔ ጋ ምን ሆነ?

እናንተ ጋ ምንም አልሆነም። የስልኩ ስፒከር ነው። ያቺ የጥፍር ታህል ነገር በሰከንድ 41 ጊዜ የሚርገበገብን ድምፅ ለማውጣት በቂ አየር መግፋት አትችልም።

የሚገርመው ግን ቤዙ ሙሉ በሙሉ አለመጥፋቱ ነው። ክር ሲመታ አንድ ድምፅ ብቻ አያወጣም። 41 ካለ፣ 82ም አለ፣ 123ም አለ፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ስልኩ የታችኞቹን ይጥልና የላይኞቹን ያሰማል። አእምሯችን የላይኞቹን ሰምቶ የታችኛው የት መሆን እንዳለበት ራሱ ይገምታል፤ ከዚያም «ሰማሁት» ይላል። ስለዚህ በስልክም ቢሆን ዜማውን ትከተሉታላችሁ። የሚቀርባችሁ አካሉ ነው፤ ደረት ላይ የሚያርፈው ክፍል።

እኔ አንድ ዘፈን ለወራት በስልክ ብቻ ሰምቼ «አሪፍ ነው» እያልኩ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ሰው ቤት በትልቅ ስፒከር ተከፈተ። የአዝማቹ መጨረሻ ላይ ቤዙ ከላይ እስከ ታች ተንሸራቶ ሲወርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። ወንበሩ ነዘረኝ። «ይሄ እዚህ ነበር እንዴ?» አልኩ ጮክ ብዬ። ሰዎቹ ሳቁብኝ።

ውድ ዕቃ ግን አያስፈልግም። ጆሮ ውስጥ የሚገባ ማዳመጫ ካላችሁ መጀመሪያ የጫፉን ጎማ መጠን ቀይሩ። ጎማው ጆሮውን ካልዘጋው ቤዙ በዚያ ቀዳዳ አምልጦ ይወጣል። ብዙ ሰው «ማዳመጫዬ ቀሽም ነው» የሚለው ጎማው ስለማይገጥመው ነው። ስፒከር ከሆነ ደግሞ ከክፍሉ መሀል አንስታችሁ ወደ ግድግዳው አስጠጉት። ጥግ ላይ ስታስቀምጡት ቤዙ ይጨምራል። ከመጠን ካለፈ መልሳችሁ ጎተት አድርጉት። በነጻ ነው።

ኢኳላይዘሩ ላይ ቤዙን እስከ ጥግ ልጨምረው?

አይ። ጭቃ ይሆናል። እንዲያውም የቤዙን ጣት መስማት ከፈለጋችሁ ከ700 እስከ 1000 ኸርትዝ ያለውን ትንሽ ከፍ አድርጉት። የሚጎላው ጉምጉምታው ሳይሆን ጣት ክሩን ሲነካው ያለው ድምፅ ነው።

ያ በጥፊ የተመታ የሚመስለው ድምፅ እንዴት ነው የሚመጣው?

በአውራ ጣት ነው። አውራ ጣቱ ወፍራሙን ክር ይደልቀዋል፤ ሌባ ጣት ቀጭኑን ክር ከሥር ይዞ ይለቀዋል። «ስላፕ» ይሉታል። ታሪኩ ደስ ይላል። ቤዚስቱ ላሪ ግራሃም ወጣት ሳለ ከእናቱ ጋር ይጫወት ነበር። እናቱ ፒያኖ፣ እሱ ቤዝ። ድራመር የላቸውም። ስለዚህ የድራሙን «ዱም» በአውራ ጣቱ፣ የስኔሩን «ጧ» ደግሞ ክር በመጎተት መተካት ጀመረ። በኋላ ስላይ ኤንድ ዘ ፋሚሊ ስቶን ባንድ ውስጥ ሲገባ ዓለም ሁሉ ሰማው። ድራመር በማጣት የመጣ ነገር ነው እንግዲህ።

በኢንዲ ዘፈኖች ላይ ግን ስላፕ ያን ያህል አይበዛም። አብዛኞቹ በጣት ወይም በፒክ (ክር መምቻ ትንሽ ቁራጭ) ነው የሚጫወቱት። ልክ ናቸው። ስላፕ በቀላሉ ወደ ጉራ ይሄዳል።

ቤዚስቱ እዚህ ደረጃ ለመድረስ ሕፃን ሆኖ ነው የጀመረው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። በዚህ ሙዚቃ ከምወዳቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ቲና ዌይማውዝ ቶኪንግ ሄድስ የተባለው ባንድ ውስጥ ቤዝ መጫወት የጀመረችው ባንዱ ቤዚስት ስለቸገረው ነው። ከዚያ በፊት ቤዚስት አልነበረችም። እሷ የሠራቻቸው መስመሮች ዛሬም ድረስ ሰውን ከወንበሩ ያስነሳሉ። ከኒውዮርኩ ሳውዝ ብሮንክስ የወጡት ኢኤስጂ የተባለው ባንድ እህትማማቾች ደግሞ መሣሪያውን ያገኙት ከእናታቸው ነው፤ ልጆቹ ከመጥፎ ነገር እንዲርቁ ብላ ገዛችላቸው። ቤዛቸው አንዳንዴ ከሁለት ሦስት ኖታ አይበልጥም። ግን በ1980ዎቹ መጀመሪያ በትንሽ አሳታሚ ያወጡትን ሥራ ከዚያ ወዲህ ስንቱ የሂፕ ሆፕ አቀናባሪ እየቆረጠ ተጠቅሞበታል። ፈንክና ኢንዲ የት ተገናኙ ለሚለኝ ሰው የእነሱን ስም ነው የምጠራለት።

ከአሁኖቹ ደግሞ ክሩዋንግቢን አሉ፤ ከሂውስተን፣ ቴክሳስ የመጡ ሦስት ሰዎች። ስማቸው በታይ ቋንቋ «አውሮፕላን» ማለት ነው። ቤዚስቷ ላውራ ሊ ቤዝን የተማረችው ካደገች በኋላ ነው፤ ያስተማራት የባንዱ ጊታሪስት ማርክ ስፒር ነው። አብዛኛው ሙዚቃቸው ግጥም የለውም ወይም ጥቂት ቃል ነው ያለው። ዜማውን ብዙ ጊዜ ጊታሩ ይዘፍናል፤ ድራመሩ ዲጄ ጆንሰን እንደ ሰዓት ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ቤዙ በመሀላቸው ይራመዳል። ላውራ ሊ ብዙ ኖታ አትጫወትም። የምትጫወተውን ግን ልታነሱባት አትችሉም፤ አንዷን ብታወጡ ቤቱ ይፈርሳል።

የቤዙ ድምፅ ለምን ድፍን፣ ለስለስ ያለ ይመስላል? እኔ ቤዝ ስመታ እንደ ብረት ይጮኻል።

ክሩ ነው፤ ቀጥሎ እጅ ነው። ሁለት ዓይነት ክር አለ። አንዱ ክብ ሽቦ የተጠመጠመበት ነው፤ ጣት ሲያሻሹበት ይሻክራል፣ ድምፁም ይጮኻል። ሌላው ጠፍጣፋ ሽቦ የተጠመጠመበት ነው፤ ለስላሳ ነው፣ ድምፁም አጭርና ድፍን ነው። ያ የድሮ ሶል ሙዚቃ ድምፅ የሚመጣው ከጠፍጣፋው ነው። ብዙ የኢንዲ ቤዚስቶች አሁን ወደ እሱ ተመልሰዋል።

ሞታውን በተባለው የሶል ሙዚቃ አሳታሚ ስቱዲዮ ይጫወት የነበረው ቤዚስት ጄምስ ጄመርሰን በ1962 በተሠራ ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝ ላይ ጠፍጣፋ ክር አድርጎ ነበር የሚጫወተው፣ ያውም በአንድ ሌባ ጣት። ክሩን ካልተበጠሰ አይቀይረውም ነበር ይባላል። የድምፁ ቅባት ከእድፉ ነው የሚል ሰው ነበር። ለዓመታት የተጫወተባቸው ሸክላዎች ላይ ስሙ አልተጻፈም። አድማጩ ጣቱን እንጂ ስሙን አያውቅም ነበር። እንግዲህ ዛሬ አድናቂዎች የቤዚስቱን ስም ፈልገው ማወቃቸውን «አጉል ማካበድ ነው» ለሚሉኝ ሰዎች የምመልሰው ይህንን ነው።

ክር መቀየር ካልፈለጋችሁ ደግሞ ክሩ ቤዙ አካል ላይ በሚያርፍበት ድልድይ አጠገብ፣ ከክሩ ሥር፣ ቁራጭ ስፖንጅ ወሽቁ። ድምፁ ወዲያው ያጥራል። ለዕቃ ማጠቢያ የተገዛው ይበቃል።

መስመሩን መማር እፈልጋለሁ። በታብ ልማር?

መነሻ ይሆናል። ግን ታብ፣ ማለትም በክርና በቁጥር የተጻፈው የሙዚቃ ጽሑፍ፣ ጣት የት እንደሚቀመጥ ይነግራችኋል፤ ኖታው መቼ እንደሚቆም ብዙ ጊዜ አይነግራችሁም። ከላይ እንዳልኩት ሙዚቃው ያለው እዚያ ነው። እኔ የምመክረው ቤዙን ሳትነኩ መጀመሪያ በአፋችሁ እንድትሉት ነው። «ዱም፣ ጥክ፣ ዱ‑ዱም»። በአፍ ካልመጣ በእጅ አይመጣም።

አሁን ቤዙን ከዘፈኑ ነጥለው የሚያወጡ ፕሮግራሞችም አሉ። ሞክሯቸው፤ ግን አትደንግጡ። ብቻውን የወጣ ቤዝ ብዙ ጊዜ ያስቀይማል። ክሩ ፍሬቱን (አንገቱ ላይ ያለውን የብረት መስመር) እየመታ ይንቀጫቀጫል፣ ጣት ይንሸራተታል፣ አንዳንዱ ኖታ ያልተመታ ይመስላል። መልሳችሁ ከድራሙ ጋር ስታደርጉት ያ ቆሻሻ የመሰለው ሁሉ ቦታውን ያገኛል።

በቀጥታ መድረክ ላይ ስሰማው ከቀረጻው ይለያል። ለምን?

ፍጥነቱ ትንሽ ይጨምራል፤ ሰው ሲኖር ሙዚቀኛ ይሞቀዋል። ቦታችሁም ወሳኝ ነው። ዝቅተኛ ድምፅ በአዳራሽ ውስጥ እየተመላለሰ አንድ ቦታ ላይ ይከመራል፣ ሌላ ቦታ ላይ ይጠፋል። ቤዙ ካልተሰማችሁ ባንዱን አትውቀሱ። ሦስት እርምጃ ወደ ጎን ሂዱና ሞክሩ።

ለጓደኛዬ አሰማሁት። አንድ ደቂቃ ሰምቶ «ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?» አለኝ። ምን ልበለው?

ምንም አትበሉት። «ቤዙን ስማው እንጂ!» ብላችሁ ከጮኻችሁ አበቃ፤ ከዚያ በኋላ ፈተና የቀረበለት ነው የሚመስለው። ዝም ብላችሁ ሌላ ወሬ አምጡ። ዘፈኑ ይቀጥል። ድምፁን አንድ ነጥብ ብቻ ጨምሩት። ከዚያ እያወራችሁ ቀስ ብላችሁ ጠረጴዛው ሥር እግሩን እዩት።